ጋሼ ዘካርያስ መኪናችንን ያመሰገነ ቀን

በዘጠኝ ዓመቴ ጋሼ ዘካርያስ ሌባ መሆኑን አውቅ ነበር። ጠርጥሬ አይደለም፤ አውቅ ነበር። ማስረጃ ነበረኝ። ዛሬም ቢሆን ያንን ማስረጃ ላፍርስ የሚል ሰው ቢመጣ ደስ እያለኝ እከራከረዋለሁ። ያየሁት ሁሉ እውነት ነው፤ የሰማሁትም ቃል በቃል ትክክል ነው። የተሳሳትኩት ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የሰፈራችን፣ የኦስሎው ፉሩሴት፣ ወጣቶች ክበብ አንድ ውድድር አዘጋጀ። ለእያንዳንዱ ቡድን ከአገልግሎት የወጣ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሞተርና ባትሪ ይሰጣል፤ የቀረውን መኪና ቡድኑ ራሱ ይሠራል፤ የሚነዳው ልጅ ነው። ፈጣኗ መኪና በደንብ የሚሮጥ ሰው የሚቀድማት ነበረች። ነገር ግን አዘጋጆቹ በትልቅ ጨርቅ ላይ «ግራንድ ፕሪ» ብለው ጽፈው ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ሰቀሉት። ለኛ ለልጆቹ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ሌላ ውድድር አልነበረም። ለአባቶቻችን ደግሞ ከኛ ይብስ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ቡድን አወጣች። የፉሩሴቱን አባቴ ግዛው፣ የትሮስተሩዱን ጋሼ ዘካርያስ ይመሩት ነበር። በቲባነን፣ በከተማው ባቡር፣ ብትሄዱ በመካከላችን ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ በነሱ አነጋገር ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ነበርን። አባቴ ዊልቸር የሚጠገንበት ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። ጋሼ ዘካርያስ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነው። መጀመሪያ ኖርዌይ ሲገቡ በሰሜን በኩል በአንድ የስደተኞች ካምፕ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት አብረው አሳልፈዋል። ከዚያ ወዲህ አንዳቸው ለሌላው ደግ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ለሻይ ስንሰለፍ፣ ይጀምራሉ።

«ግዛው፣ የናንተ መኪና ፍሬን ብቻ ነው አሉ።»

«የናንተዋ ደግሞ ፍሬን የላትም አሉ። ምን ያደርግላታል? መቼ ተንቀሳቅሳ።»

«እኛ አሸንፈን፣ ቤት ገብተን እራት ስንበላ ነው ልጅህ የምትደርሰው። ከተረፈ እናስቀምጥላታለን።»

«ለባትሪያችሁም ጸልዩበት። ዶክተሮቹ ተስፋ ቆርጠዋል።»

ፓስተሩ አንድ ጊዜ በስብከቱ መካከል ቆም ብሎ፣ «እየሰበክሁ ያለሁት ስለ ፍቅር ነው፤ ከኋላ ያላችሁት ሁለት ወንድሞች» አላቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠላትነትን እንደ ቁም ነገር ነው የምትወስደው።

እኛ የትሮስተሩድ ሰዎች የሌላቸው አንድ ነገር ነበረን፤ አጎቴ በቃሉ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሆሳዕና ይኖራል፣ ኢሱዙ ይነዳል፣ ሲበላሽም መንገድ ላይ ራሱ ፈትቶ ይገጥመዋል። አባቴ በየሳምንቱ ዓርብ የስልክ ካርድ ፍቆ ይደውልለታል። በዚያ ሰሞን የሚያወሩት ስለ መኪናችን ብቻ ነበር። አጎቴ ርቀቱን በጉሮሮው የሚሸፍን ይመስል ይጮኽ ስለነበር ድምፁ ሳሎኑን ይሞላዋል። «ክብደቱን ወደ ኋላ አድርገው! ልጅቷ ቀላል ናት፤ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል!» አባቴ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለ ይሰማዋል። አርባ ዓመት ያለፈው አባቴ እንደ ተማሪ ሲታዘዝ የማየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውድድሩ ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ዘካርያስን ኩሽናችን ውስጥ አገኘሁት። አባዬ ሥራ ላይ ነው። የተቃራኒው ቡድን አለቃ፣ የኛ አለቃ በሌለበት፣ በኛ ኩሽና። እናቴ ዋጋዬ ንጹሕ ብርጭቆ ታጥባለች፤ አጥባ ትደረድርና ከደረደረችው አንስታ እንደገና ታጥባለች። በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

«እሁድ ይሻላል» ይላል ጋሼ ዘካርያስ። «ቅዳሜ ግማሹ ሰው ቫክት አለው፤ ሥራ ተራው ነው። እኔ የእሁዱን ሥራዬን ቀይሬያለሁ፤ ሌሎቹም እየቀየሩ ነው። እሁድ በጠዋት ሁላችንም እንመጣለን።»

«ነገ እኮ ዓርብ ነው። ለበቃሉ የሚደውልበት ቀን ነው። ምን ልበለው?»

«ካርድ አልቋል በይው። የቤቱን ስልክ ንቀይው፤ የኪሱን እኔ እወስደዋለሁ። ልጅቷ ትወዳደር፤ እሱም ይያት። ከዚያ በኋላ…»

ገባሁ። የቤታችን ስልክ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ሾፌሯ መጣች» አለ ጋሼ ዘካርያስ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ራኬብ» አለች እናቴ። «ጋሼ በይ።»

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

መልሱ አያስፈልገኝም ነበር። የመኪና እሽቅድምድም በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሾፌርና መሐንዲስ በሬዲዮ እንደሚነጋገሩ ያውቃል። የኛ መሐንዲስ ሆሳዕና ነው፤ ሬዲዮው ስልክ ነው። ትሮስተሩዶች ሬዲዮአችንን ሊቆርጡት ነው፤ እናቴም እየረዳቻቸው ነው።

አጎቴ በቃሉ የሞተው ረቡዕ ነው። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ሐሙስ ጠዋት ከሆሳዕና ሲደወል ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት፤ መጀመሪያ የደወለችለት ሰው ደግሞ ጋሼ ዘካርያስ ነው። መርዶ እንዲህ ነው የሚዘጋጀው። ቀን ይቆረጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ባለቤቱ ከማንም አፍ ብቻውን እንዳይሰማ ይጠበቃል። እዚህ አገር ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው የቫክት ተራ ነው፤ ለሐዘን የሚመጣው ሰው ሁሉ የሌላውን ሰው እናት የሚያጥብ፣ የሌላውን ሰው ሆስፒታል የሚያጸዳ ነውና።

አንድ የተማረ ኖርዌያዊ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ግን ይህ ማታለል ነው» አለኝ። «ሰው ስለ ራሱ ሐዘን የማወቅ መብት አለው።» መብት። በቲባነን ውስጥ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ወደ መስኮት እያዞረበት፣ ወንድምህ ሞተ የሚል ቃል ከስልክ መስማት መብት ከሆነ ያንን መብት እሱ ይውሰደው። የኛዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። ዛሬ ሬሳው ሳይገነዝ ፎቶውን ሻማ አስደግፈው ለዓለም ሁሉ የሚለጥፉ አሉ፤ የሟች ልጅ ሥራ ቦታ ቡና እየጠጣች ስልኳን ስትከፍት የአባቷን ፊት ታያለች። እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ ብጠራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ያን ዕለት ማታ አባዬና እኔ ምድር ቤት፣ የብስክሌት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ነበርን። መኪናችን እዚያ ነው የተሠራችው። አካሏ የአሮጌ አልጋ ብረት፣ መቀመጫዋ የፕላስቲክ ወንበር፣ ጎማዎቿ የሕፃን ጋሪ ናቸው። ቀለሟ አረንጓዴ ነው፤ ከአባዬ ሥራ ቦታ የተረፈ የሕመምተኛ አረንጓዴ። ጋሼ ዘካርያስ ደረጃውን ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። አባዬ ብሎን እያጠበቀ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ለመሰለል ከሆነ የመጣኸው ሌላውንም መብራት ላብራልህ።»

«አይ… እንዲያው ልይ ብዬ ነው።»

መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ጎንበስ ብሎ ጎማዋን በጣቱ አዞረው፤ ኩሽኔታው ድምፅ አልነበረውም።

«ጥሩ ሠርተሃል ግዛው» አለ። «ቆንጆ መኪና ናት።»

የአባዬ እጅ ብሎኑ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው።

«የናንተዋስ?» አለው። «ትነሳለች ወይስ ልጅህ ሌዊ ይገፋታል?»

«እንግዲህ እንሞክራለን። እግዚአብሔር ያውቃል።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ «ካቴናችን ይረግባል» አለ።

እኔ የሁለቱን ፊት ተራ በተራ አያለሁ። የሚያባብል ሰላይ ከሚሳደብ ሰላይ ይበልጥ አደገኛ እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

«ስልክህ ባትሪው ቶሎ ያልቃል ትል አልነበር?» አለ ጋሼ ዘካርያስ። ዓይኑን ከመኪናዋ አላነሳም። «ሥራ ቦታ የሚያውቅ ልጅ አለ። ላሳየው?»

አባዬ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የእጁ ቅባት ነክቶት ስለነበር በሸሚዙ ጠረገው። ሰጠው።

«መቼ ትመልስልኛለህ?»

«እሁድ።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት» አለ ጋሼ ዘካርያስ።

አባዬ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ወደ ብሎኑ ተመለሰ። ጠብቆ ያለቀ ብሎን ነበር። እንደገና ፈታው፤ እንደገና አጠበቀው።

ዓርብ ከሥራ ሲመጣ እናቴ ስለ ካርዱ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። መዋሸት የማትችል ሴት ናት፤ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር። ግን ዕድሉን አላገኘችም። አባዬ ካርድ አልጠየቀም። ስለ በቃሉም ስለ ስልኩም አንድ ቃል አልተናገረም። እራቱን በልቶ፣ ሳህኑን አንስቶ፣ ወደ ምድር ቤት ወረደ። እኔም ተከትዬው ወረድሁ፤ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ክህደት መሰለኝ።

«አባዬ፣ ጋሼ ዘካርያስ ሌባ ነው። እማዬም ከሱ ጋር ናት።»

«እናትሽ ከኔ ጋር ናት።»

«ናይ፣ አይደለችም። ሰምቻቸዋለሁ። የቤቱን ስልክ የነቀሉት እነሱ ናቸው። ያንተንም የወሰደው ባትሪው ተበላሽቶ አይደለም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ።»

በእጁ የያዘውን ካቻቢቴ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ። በቅባት የጠቆረ መዳፉን አፌ ፊት ዘረጋው፤ አልነካኝም።

«አትንገሪኝ።»

«ግን የማን ስም እንደሆነ…»

«ራኬብ፣ አትንገሪኝ። እኔ እሁድ እሰማዋለሁ። ሰዎቹ ለፍተውበታል።» መዳፉ አልወረደም። «እስከዚያ አንቺ ያዢልኝ። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

የገባኝ እንዲህ ነው፤ አባቴ በስለላ በተገኘ ወሬ ማሸነፍ አይፈልግም። ትሮስተሩዶች ይሰርቃሉ፤ እኛ ግን በንጹሕ እንወዳደራለን። በጣም ኮራሁበት። ትንሽም ተናደድሁበት።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። ሐሙስ ማታ፣ ጋሼ ዘካርያስ «ቆንጆ መኪና ናት» ያለ ጊዜ፣ አባቴ ሰው እንደሞተበት አውቋል። ሰዎቹ ስልኩን አስበዋል፣ ቀኑን አስበዋል፣ ቫክቱን አስተካክለዋል፤ ስድቡ መቀጠል እንዳለበት ግን ማንም አላሰበም። ያ ሁሉ ዓመት ደግ ቃል ያልወጣው አፍ ሲያመሰግነው፣ እሱ ለነገር ሲቆሰቁሰውም ጋሼ ዘካርያስ ዝቅ ብሎ ሲመልስለት፣ አባቴ ሌላ መርዶ ነጋሪ አላስፈለገውም። ያላወቀው ማን እንደሞተ ነው። ዓርብ ማታ ስሙ በኔ አፍ ውስጥ፣ ከጆሮው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

ይህ ኑዛዜ አይደለም። አባቱን ከሌባ የሚጠብቅ ልጅ ጥፋተኛ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ቅዳሜ ፀሐይ ነበር። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከሆልምሊያ ድረስ የመጣ ቡድን ነበር። በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ አሮጌ ጎማ ተደርድሯል፤ ከቤተ ክርስቲያን ቫክት የሌለው ሰው ሁሉ ወጥቷል። አንድ ነገር ግን ልክ አልነበረም። የትሮስተሩድ ሴቶች ስሜን እየጠሩ ያጨበጭቡልኛል። አባዬን እየመጡ ትከሻውን ይነካሉ፤ ውኃ ያመጡለታል፤ እንዲቀመጥ ወንበር ያቀርቡለታል። እሱም «ተባረኩ» እያለ ይቀበላል። ሌዊ ብቻ እንደ ወትሮው ነበር። አሥር ዓመቱ ነው፤ የራስ ቁሩ ከመነጽሩ ጋር ይጋጭበታል። መነሻው ላይ ጎን ለጎን ስንቆም «ዛሬ ታለቅሻለሽ» አለኝ።

ተነሳን። የኛ አረንጓዴ እንደ ሕልም ሄደችልኝ። ሌሎቹ ወዲያው ወደ ኋላ ቀሩ፤ እስከ መጨረሻው ዙር ስመራ የቆየሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሌዊ አጠገቤ ደረሰ። ከዚያ ፍጥነቱን ቀነሰ። አባቱን አየ። አባቱ ከመስመሩ ውጭ ቆሞ በሁለት እጁ ወደ ታች፣ ወደ ታች ያሳየዋል። ሌዊ ወደኔ ዞረ። እኔም ምላሴን አወጣሁበት።

በዚህ ነው የተሸነፍነው። ሌዊ ዛሬ ሰላሳ ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ «አባቴ እንድለቅልሽ አዞኝ ነበር፤ ያቺ ምላስ ባትኖር እለቅልሽ ነበር» ይላል።

ልጁ ሲያሸንፍ ጋሼ ዘካርያስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ወደ ሌዊ አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ አባዬ መጣ።

«ይቅርታ ግዛው። ነግሬው ነበር። አልሰማኝም።»

አባዬ ሳቀ። ከሐሙስ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ልጅህ ካንተ ይሻላል» አለው። ከዚያ ሳቁ እየጠፋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በል እንግዲህ። አሸንፈሃል እኮ። አንድ ነገር በለኝ» አለው።

ጋሼ ዘካርያስ የአባዬን ትከሻ ያዘ።

«ስለ ፍሬኑ በለኝ። ስለ እራቱ በለኝ። በል እንጂ ዘካርያስ።»

ጋሼ ዘካርያስ ጭንቅላቱን በእምቢታ ነቀነቀ። ዓይኑ ሞልቷል። እኔ በመካከላቸው ገባሁና «ስልካችንን መልስ፣ ሌባ» አልሁት። እናቴ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። እሱ ግን «እሁድ፣ ሾፌሯ» አለኝ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። ድል አድርጎ የማይደሰት፣ ሲሰደብ የማይቆጣ ሰው አይቼ ስለማላውቅ የባሰ ጠላሁት።

እሁድ የቀሰቀሰኝ ወንበር ሲጎተት ነው። መርዶ ሳይነጋ ነው የሚነገረው፤ በፀደይ ኦስሎ ውስጥ ግን ብርሃኑ ከሰው ቀድሞ ስለሚነሳ ሳሎናችን ቀድሞውኑ ነግቶበታል። አባዬ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሷል። የምግብ ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠግቶ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ወንበር ሁሉ፣ የኔንም የጥናት ወንበር፣ በክብ ደርድሯል። እናቴ በመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች። አሁን እያሰብሁት ይመስለኛል አባዬ ማወቁን እሷም ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ቲባነን ሥራ ሳይጀምር በየመኪናው ተጫጭነው መጡ። ሊፍቱ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ደወል ሳይደውሉ አባዬ በሩን ከፈተላቸው። ፓስተሩ ከፊት ነበር፤ የሚናገረውን ሲለማመድ የመጣ ሰው ፊት ነበረው። ሙሉ ልብሱን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፣ ደፉ ላይ ቆመ።

«ግቡ» አለ አባዬ። «ተቀመጡ። ለሁላችሁም ይበቃል።»

ገብተው ተቀመጡ። ጫማቸው መተላለፊያውን ሞላው። አባዬ በመካከል ቆሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያየው።

«ዘካርያስ፣ ማን ነው?»

«ግዛው…»

«እናቴ ናት?»

«አይደሉም። እሳቸው ደህና ናቸው።»

«እህቴ ናት?»

«አይደለችም። ደህና ናት።»

ሦስተኛውን አልጠየቀም። ወደ ፊት አዘነበለ። ጋሼ ዘካርያስ ዘሎ ያዘው፤ ተያይዘው ምንጣፉ ላይ ወደቁ። እኔ ያየሁት ሌባው አባቴን አንቆ ሲጥለው ነው። ሮጬ ጀርባው ላይ ወጣሁ፤ በጡጫ ራሱን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን መታሁት። አልተከላከለም። አባዬን እንደያዘ፣ እኔም እየመታሁት፣ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለ ያለቅስ ነበር። ማንሳት የቻለችኝ እናቴ ናት፤ ምን እንደሆነ የነገረችኝም እሷ ናት፣ በኩሽናው ወለል ላይ አቅፋኝ።

ባለፈው ዓመት አባዬን ጠየቅሁት። ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ትሮስተሩድ ጋሼ ዘካርያስ ዘንድ ሄዶ ተሰዳድቦ ሲመለስ ከጣቢያው ተቀብዬው ወደ ቤት እየሄድን ነበር። ዓርብ ማታ አንድ ቃል ብትሰማ ያንን ሁሉ ሰዓት ባልተጨነቅህ፣ ለምን አፌን ያዝኸው አልሁት። በቁጣ ነው የጠየቅሁት፤ ሳልቆጣ መጠየቅ አልችልበትም።

«ብትነግሪኝ ቅዳሜ አልቆምልሽም ነበር» አለኝ። «እኔ ሳይነግሩኝም ቢሆን ሦስቱንም ቀብሬአቸው ነበር። አንቺ ስትነጂ እናቴም፣ እህቴም፣ ጋሼ በቃሉም ሞተዋል። እሁድ ዘካርያስ መጥቶ ሁለቱን መለሰልኝ።»